ከሳምንት የወጣችው ሰኞ

ሐረገወይን ዘወትር ሰኞ ጠዋት፣ ሞጆ ካለው ቤቷ ሳትወጣ፣ ለሥጋ ማቀዝቀዣው ድርጅት የሳምንቱን ዝርዝር ታወጣለች። ሳምንቱ በየትኛው ቀን ጀምሮ በየትኛው እንደሚያልቅ አስልቶ፣ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹ በካርድ የገባውንና የወጣውን የሚያሳየውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷው ናት። ባሏ በሱፍቃድ የዚያው ድርጅት መካኒክ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ካፖርቱን እንደደረበ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም። የያዘው ብርጭቆ ላብ ያወጣል፤ ልብሱ ብረት ብረት፣ ጥሬ ሥጋ ጥሬ ሥጋ ይሸታል፤ ሲተኛ ደግሞ ከደረቱ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል፤ እሷ ግን የጎረቤት ፍሪጅ ነው ብላ ራሷን አሳምናለች።

አለቃዋ አቶ ዘርጋው ደወሉ።

«አንቺ ሐረግ፣ ኮምፒውተርሽ ሰኞን ዋጣት እንዴ? ጳጉሜን ስድስት ዝርዝሩ ላይ የለችም!»

«አሁኑኑ አየዋለሁ ጋሼ።»

«ቶሎ በይ እንጂ። ማቀዝቀዣ ክፍል ቁጥር ሦስት ከዚያች ሰኞ ወዲህ አልተከፈተም። ውስጥ የቀረ ሰው ከሌለ ዛሬ አሽገዋለሁ፤ እስከ ገና አይነካም።»

ስህተቱን ለማግኘት አልተቸገረችም። ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጋ ጽፋዋለች። አሮጌው ሳምንት እሑድ ጳጉሜን አምስት አልቆ፣ አዲሱ መስከረም አንድ ሲጀምር፣ መካከል ላይ ያለችው ሰኞ ከሁለቱም ውጭ ቀርታለች፤ በዚያች ቀን ገብቶ ያልወጣ ሰው ቢኖር ፕሮግራሙ አያየውም። አምስቱን ስድስት አደረገችው። «ገብተው ያልወጡ» ከሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ መጣ፤ በሱፍቃድ፣ ቁጥር ሦስት።

በዚያች ዕለት ከሥራ ሲመለስ በሩን ማን እንደከፈተለት ለማስታወስ ሞከረች፤ ሊመጣላት አልቻለም።

«አገኘሽው እንዴ?» አለ ከደጃፉ፣ ፊቱን ሳያዞር። «እንደነበረው መልሺው። እኔ እዚህ አይደለሁ?»

እዚህ ነው። እውነቱን ብትናገር ሬሳውን ያወጡላታል፤ ይህኛውም ከደጃፉ ይሄዳል። ስድስቱን መልሳ አምስት አደረገችውና ስልኩን አነሳች።

«ማንም የለም ጋሼ። ያሽጉት።»

«እፎይ!» አሉ አቶ ዘርጋው። «ጠባቂዎቹ ዛሬ ጠዋትም ‹በሩ ከውስጥ እየተንኳኳ ነው› ሲሉኝ፣ ሞተሩ ነው ብዬ ስሟገታቸው ነበር።»