የሁለተኛው ረድፍ መኪኖች

ኢንጂነር ሩሽዲ የሞተው ተንበርክኮ ነው። በኢዝበት ሻሂን ባቡር ጣቢያ የመኪና ማቆሚያ፣ ቁልቁለቱ ግንቡን በሚነካበት ጥግ፣ ኩባንያው በቅርቡ የተከለውን የክፍያ ማሽን ሆድ ከፍቶ ሲጎረጉር አንዲት ቀይ መኪና ከኋላው ተንደርድራ መጣችና ደረቱን ከብረቱ ጋር አጣበቀችው። የኸምሲን ነፋስ የበረሃውን አሸዋ ተሸክሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭ ስለ ዋለ ጩኸቱን የሰማ አልተገኘም። ሬሳውን ያዩት ከካይሮ በሥራ መውጫው ባቡር የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው። መፍቻው አሁንም በእጁ ነበር።

ሻለቃ ኢግላል ስትደርስ ገዳዩ ተይዞ ጠበቃት። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ደስ አይላትም።

«ጉዳዩ አልቋል ሻለቃ» አላት የሰፈሩ ፖሊስ መቶ አለቃ፣ ከአፉ አሸዋ እየተፋ። «የመኪና ጠባቂው፣ ሳይሱ ሺሃታ ነው። መኪና መግፋት ሥራው ነው።»

«ለምን ገደለው?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ ክፍያው ሁሉ በማሽን ሊሆን ነው። ለሺሃታ የሚሰጥ አይኖርም። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት ‹ይህን ብረት የተከለ እጁ ይድረቅ› ብሎ ረግሟል።»

«በእርግማን ሰው የሚሞት ቢሆን መቶ አለቃ፣ እኔና አንተ እስከ ዛሬ ባልቆየን።»

ሺሃታ ካቴና ገብቶለት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አሸዋውን ለመከላከል ፊቱን በመጥረጊያ ጨርቁ ስለ ሸፈነ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ሆን ብሎ ገደለ ከተባለ የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ እንደ ሆነ ያውቃል፤ መቶ አለቃውም ደጋግሞ ነግሮታል። ዙሪያውን ለዓመታት መኪናቸውን የጠበቀላቸው ሰዎች ቆመዋል። ጫማቸውን የሚያዩም፣ ሰዓታቸውን የሚያዩም ነበሩ።

በኢዝበት ሻሂን የሚያቆም ሰው ሕጉን ያውቃል። በመጀመሪያው ረድፍ ቦታ ያገኘ የእጅ ፍሬኑን ይስባል። ቦታ አጥቶ በሁለተኛው ረድፍ የሰው መኪና ዘግቶ ያቆመ ግን ማርሹን ያወጣል፣ ፍሬኑን ይለቃል፣ በሩን ቆልፎ ባቡሩን ይሳፈራል። ሺሃታ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ከውስጠኛው ረድፍ አንዱ ልውጣ ሲል ድንጋዩን አንስቶ የዘጋውን መኪና ወደ ጎን ይገፋል፣ መንገድ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ለዚህ ነው ሲከፈለው የኖረው።

የቀይዋ መኪና ባለቤት ኒርሚን የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ፊቷ ላይ እንባና አሸዋ ጭቃ ሆኗል።

«ፍሬኑን የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ፍሬን መልቀቅ ግድያ ቢሆን ካይሮ ሰው ባልቀረባት። ቁጭ በይ እኅቴ፣ ውሃ ጠጪ።»

ኢግላል ወደ ሺሃታ ዞረች። «አጎቴ፣ ይህችን መኪና ዛሬ ገፍተዋታል?»

«ጠዋት ገፋኋት። ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቆምኳት፤ ድንጋይም አስገባሁላት።»

«ከዚያስ?»

«ቀትር ላይ ነፋሱ ሲብስ መስጊድ ገባሁ። ሰግጄ እዚያው ጥግ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ያየዎት አለ?»

«አላህ አየኝ።»

«እሱን ፍርድ ቤት መጥራት አንችልም» አለ መቶ አለቃው።

«አንተ ደግሞ ዝም ማለት ትችላለህ» አለችው ኢግላል።

ጎንበስ ብላ ቀይዋን መኪና አየች። የፊት መስታወቷ በአሸዋ ከመሸፈኑ የተነሳ መሪው አይታይም። የኋላ ኮፈኗ ግን ንጹሕ ነው፤ ተጠርጓል። ከዚያም በኋላ ስስ አቧራ አርፎበታል። ከጎማው ሥር መኖር የነበረበት ድንጋይ ራቅ ብሎ ተጥሏል።

«ጨርቅ ያለው ሳይሱ ነው» አለ መቶ አለቃው፣ ዝም ማለቱ ከብዶት።

ኢግላል ዞር አለች። ሌሎቹን መኪኖች ማየት ጀመረች። በሁለተኛው ረድፍ ባሉት የኋላ ኮፈን ላይ፣ አቧራው መሐል፣ ሰፊ የተሻሸ ምልክት አለ፤ ሰው ጀርባውን የተደገፈበት ይመስላል። የመዳፍ ምልክት የለም።

ቀጥሎ ያደረገችውን ፖሊሶቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ዩኒፎርሟን ሳትሳሳለት ጀርባዋን ለአንደኛው መኪና ሰጠች፣ ተረከዟን አስፋልቱ ላይ ተክላ ገፋችው። መኪናው ወዝወዝ አለ። ወደሚቀጥለው ሄደች። እሱም ወዝወዝ አለ። ፖሊሶቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሷ በሬ እንደምትገፋ የገበሬ ሚስት ረድፉን ጨረሰችው። አንዲት ብርማ መኪና ብቻ አልነቃነቅ አለቻት። በእጇ መስኮቱን ጠርጋ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ልብሷን አራግፋ ወደ ሻይ ቤቱ አመራች።

ሻይ ቤት ማለት የኡም ራጊብ ሸራ ነው። ከሸራው ሥር ኡም ራጊብና ሐማዳ የሚባለው የኩባንያው ቲኬት ተቆጣጣሪ ተኮራርፈው ተቀምጠዋል።

«ቀትር ላይ የት ነበራችሁ?»

«የት እንሆናለን ልጄ» አለች ኡም ራጊብ። «ሸራዬን ነፋስ ሊወስደው ሲል እኔ አንዱን ምሰሶ ያዝኩ፣ ይሄ ጢሙን የሚያበጥረው ደግሞ ሌላውን። ከቀትሩ የዙህር አዛን ጀምሮ ባቡሩ እስኪገባ እንደ ተሰቀለ ሥጋ ተንጠልጥለን ዋልን። ምሰሶውን ቢለቅ ኖሮ ሸራው ፊቴ ላይ ነበር የሚወድቀው።»

«ትጠዪኛለሽ አይደል?» አለ ሐማዳ።

«እንደ ጥርስ ሕመም። የሺሃታን ጉሮሮ የዘጋ ኩባንያ ደመወዝ ይበላል። ግን ምሰሶውን ይዞ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

«ሺሃታ መኪና ሲገፋ በጀርባው ነው?»

«ትከሻው ከወለቀ ወዲህ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም። የማያውቅ የለም።»

ኢግላል ሐማዳን አየችው። «ኢንጂነሩ ማሽኑን ለምን ከፈተ?»

«የተሳፋሪዎቹን የመክፈያ ካርድ እንቢ አለ ሻለቃ፤ ያስገቡትን ሁሉ ይተፋል። ኢንጂነሩ ግን ‹ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ካርዱ ነው። ለማንኛውም አንድ ጊዜ ልየውና፣ ሰዎቹ ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ትናንትም ይህንኑ ሲል ነበር።»

«ለማን?»

«ለኔ። ለኡስታዝ ወፊቅ። በአጠገቡ ላለፈ ሁሉ።»

ሰው ሁሉ ለአክብሮት ‹ኡስታዝ› የሚለው ወፊቅ የተሳፋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሽበቱ ያምርበታል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የሚናገረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። ኢግላል ሳትጠራው መጣ።

«ሻለቃ፣ ለዚህ ምስኪን ጠበቃ ልፈልግለት አስቤያለሁ። ድህነት ሰው ያሳብዳል።»

«ደግ ሰው ነዎት። እርስዎ ከየት መጡ ኡስታዝ?»

«እንደ ሁላችንም ከካይሮ። ጠዋት ሄጄ አሁን ከሰዎቹ ጋር ወረድኩ። የማየው ይህ ሆነ።»

«ካርዱን ያደለው ማነው?»

«እኔ። የዓመቱን ክፍያ ከሁላችንም ሰብስቤ ለኩባንያው አስገባሁ፣ ካርዱን አመጣሁ። እነሱ ገንዘባችንን በልተው ማሽናቸው ይተፋብናል። ሙት አይወቀስም እንጂ ብዙ የምለው ነበረኝ።»

«መኪናዎ የትኛዋ ናት?»

«ብርማዋ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ።»

ኢግላል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መቶ አለቃውን ጠርታ፣ ሺሃታንም ተሳፋሪዎቹንም ከሸራው ሥር እንዲሰበስብላት አዘዘችው።

ሲሰበሰቡ ነፋሱ ረገብ ብሎ ነበር። ሺሃታን ኡም ራጊብ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ካቴናውን ላለማየት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«ከኮፈኑ እንጀምር» አለች ኢግላል። «ቀይዋ መኪና ላይ የተጠረገው የኋላ ኮፈኑ ብቻ ነው። ከእናንተ መሐል ኮፈን ስለ ተጠረገለት ለሺሃታ ከፍሎ የሚያውቅ አለ?»

አንዱ ሳለ።

«የለም። ሳይስ የሚጠርገው መስታወት ነው፣ ባለቤቱ ሲያየው ኪሱን እንዲዳስስ። ኸምሲን እየነፈሰ ደግሞ መስታወትም አይጠርግም፤ ሞኝ አይደለም። ስለዚህ ኮፈኑን የጠረገ ሰው ምልክቱን ነው ያጠፋው። አሁን አስቡት። የሺሃታ ጀርባ ያላረፈበት መኪና እዚህ የለም። በዚያ ኮፈን ላይም ከጠዋት ጀምሮ ነበር፤ መኖሩ የሚገርመው የለም። እሱ ቢገፋት ኖሮ በምልክቱ ላይ ምልክት ይጨምር ነበር እንጂ ምን ያስጠርገዋል? የሚያስጠርገው መዳፍ ነው። ሁለት መዳፎች፣ ትከሻው ጤነኛ የሆነ ሰው።»

መቶ አለቃው የሸሚዙን አንገት አላላ።

«ሐማዳ መዳፍ አለው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሐማዳ ምሰሶ ይዞ ነበር። ምስክሩ ደግሞ ወድቆ ብታየው እልል የምትል ሴት ናት። ከዚህ የተሻለ ምስክር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። እንግዲህ ሌላ ሰው ቀትር ላይ እዚህ ነበር። ማነው? ሁላችሁም ካይሮ ነበርን ትላላችሁ።» ወደ ሺሃታ ዞረች። «አጎቴ፣ ዛሬ ልግፋህ ሲሉት እንቢ ያለዎት መኪና ነበር?»

«አንድ» አለ ሺሃታ። «የኡስታዝ ወፊቅ። ፍሬኑን ስቦ ሄዷል። ረስቶ ነው ብዬ ልውጣ ያለ የአንድ ዶክተር መኪና በሌላ በኩል አዙሬ አወጣሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ኡስታዝ ወፊቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እውነት ነው፣ ረስቼ ነው። ሰው ነኝ።»

«ሰው ፍሬን መሳብ ይረሳል» አለች ኢግላል። «መልቀቅን የሚረሳ ግን በኢዝበት ሻሂን አይኖርም። ለቅቆ መሄድ እዚህ የእጅ ልማድ ነው። በሁለተኛው ረድፍ የሚስብ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፉል ሊገዛ የወረደ፣ አሁን የሚመለስ፣ መኪናዬን ራሴ አነሳለሁ ያለ። ባቡር የሚሳፈር እጅ ይለቃል፣ የማይሳፈር እጅ ይስባል። ጭንቅላትዎ ለውሸቱ ሲዘጋጅ ለእጅዎ ግን ማንም አልነገረውም።»

«ይህ ማስረጃ ነው? ፍሬን?»

«በጠዋቱ ባቡር ከማን ጋር ሄዱ?»

ወፊቅ ተሳፋሪዎቹን አየ። ለዓመታት በአንድ ፉርጎ የተጓዙ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መጨረሻ ላይ የተናገረችው ኒርሚን ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሁልጊዜ ቦታ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ዛሬ ቆሜ ነው የሄድኩት።»

ነፋሱ ሸራውን አንዴ አነሳው፣ መለሰው።

«ገንዘቡን አላስገባህም» አለች ኢግላል፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ትታለች። «ያደልካቸው ካርዶች ባዶ ናቸው። ማሽኑ የተፋቸው ለዚህ ነው። ኢንጂነሩ ዛሬ በር ላይ ቆሞ ሊነግራቸው ነበር፤ ትናንት ሰምተኸዋል። ከሐዲዱ ሥር ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ዋሻ ተደብቀህ ሺሃታ መስጊድ እስኪገባ ጠበቅህ። ድንጋዩን አነሳህ፣ መኪናዋን ገፋህ፣ ኮፈኑን ጠረግህ። ባቡሩ ሲገባ ከሰዎቹ ጋር ተቀላቅለህ ወጣህ። ሺሃታ መያዙ አልበቃህም፤ ጠበቃ ልትገዛለትም ፈለግህ።»

ወፊቅ መቀመጫ ፈለገ፤ ማንም አልተነሳለትም።

«ልጄን ልድር ነበር» አለ። «የሙሽራው ወገኖች የቤት ዕቃ ሳታሟላ አንወስዳትም አሉ። በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ለመንኩት፤ ሩሽዲን ለመንኩት። ‹የሰው ገንዘብ ነው› አለኝ።»

«እውነቱን ነግሮሃል።»

መቶ አለቃው ካቴናውን ከሺሃታ እጅ አውልቆ ለወፊቅ አስገባለት። ቁልፉ አስቸገረው።

ወፊቅን ሲወስዱት ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሺሃታ ተጠጉ። አንድ ተሳፋሪ ቀድሞ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ከወትሮው ጠቀም ያለ ኖት አወጣ። ሌላውም አወጣ። «አልሐምዱ ሊላህ አጎቴ ሺሃታ» አለ አንዱ፣ «እኛ እኮ ልባችን ያውቅ ነበር። በል፣ መንገድ ክፈትልን፣ መሸብን።»

ሺሃታ የተላጠውን የእጅ አንጓውን ሲያሽ ቆየ። ከዚያ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ።

«ገመድ ትገባለህ ሲሉኝ ሁላችሁም ነበራችሁ» አለ። «ስማችሁን አውቃለሁ። የልጆቻችሁንም።»

ጀለቢያውን አራገፈና በባቡሩ ሐዲድ ዳር ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሄደ። ኡም ራጊብ ሻዩን ይዛ ተከተለችው።

መኪኖቹ አንዱ አንዱን ዘግቶ እንደ ተቆላለፉ ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ገንዘቡን እንደ ዘረጉ ቀሩ፤ የሚቀበላቸው አልነበረም።