የአለቃ ቀንና ሌሊት

መጋረጃው በሰባት ሚስማር ነበር የተመታው። አምስቱን ነቅላ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ እናቷ ከአልጋው ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«አለኝ» አለች ልጅቷ፣ መጎተቷን ሳታቆም።

ስድስተኛው ሚስማር ሲለቅ ወፍራሙ ጥቁር ጨርቅ በራሱ ክብደት ተዘርግፎ ወደቀ። የጠዋቱ ፀሐይ አልጋው ላይ ፈሰሰ። የስድስት ወሩ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን አጨማደደና ቤቱን በለቅሶ አናጋው።

ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ለሌላው ሰው ቀኑ የሚጀመርበት፣ ለዚህ ቤት ሰዎች ግን የሚያልቅበት ሰዓት። እናትና አባት ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። ማታ በሦስት ሰዓት ከቤታቸው ጋር ግድግዳ ወደሚጋራው ዳቦ ቤት ይገባሉ፤ ሲያቦኩና ሲጋግሩ አድረው፣ ሲነጋ ሸጠው፣ ከዚያ ይተኛሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተነስተው «እንደምን አደርክ»፣ «እንደምን አደርሽ» ይባባላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልባቸው ነው። ሕፃኑም አብሯቸው ነው የሚያድረው፤ ማቡኪያው ማሽን አጠገብ፣ ሰፊ የዳቦ ቅርጫት ውስጥ፣ ዓይን በሚወጋ ነጭ መብራት ሥር። ቀኑን ደግሞ ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ያሳልፋል። ቤቱ በሙሉ ለእሱ ስለሚታዘዝ «አለቃ» ይሉታል።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እሷም ቅጽል ስም አላጣችም። ሌሊቱ እስኪጋመስ እንቅልፍ እምቢ ስለሚላት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታንቀላፋለች፤ ክፍል ውስጥ «ጉጉት» ነው የሚሏት።

ጣጣው የመጣው ከባዮሎጂ የቤት ሥራ ነው። መምህሯ «ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚተኛበትንና የሚነቃበትን ሰዓት መዝግቡ፤ እንቅልፉን ሰማያዊ፣ ንቃቱን ቢጫ ቀቡ» አለች። የሌሎቹ ልጆች ሰማያዊ እንደ ወንዝ መሀል ለመሀል ተሰልፏል። የአለቃ ግን እዚህም እዚያም ተበትኖ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም።

«ሕፃን ሲወለድ የሰውነቱ ሰዓት ገና አልተሞላም» አለቻት ከክፍል በኋላ። «ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ጨለማ እያየ ቀስ በቀስ ነው የሚሞላው። አንጎሉ ደግሞ ተኝቶም ሥራ አይፈታም። ቀን ያየውን የሰማውን የሚያደራጀው ያኔ ነው። ሰዓቱ ሲዘበራረቅ ያ ሥራ ምን ያህል እንደሚጎዳ ገና እየተጠና ነው። እኔ ግን ወንድሜ ቢሆን መብራቱን አጠፋለሁ።»

እሷም ይኸው መጋረጃውን አወረደች።

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት!» አለች እናቷ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ። «ምን ቆርጦሽ ነው?»

«ለሱ ቀን ነው፣ እማ። ቀን መሆኑን ይወቅ።»

«ስለ ልጅ አስተዳደግ አንቺ ልታስተምሪኝ? አንቺንስ እንዲሁ አይደል ያሳደግኩሽ? ምን ሆንሽ?»

የልጅቷ ደም ፈላ። «ምን ሆንኩ? ጉጉት ሆንኩ! ክፍል ውስጥ የሚስቁብኝ በማን ምክንያት ይመስልሻል? እናንተ ናችሁ እንዲህ ያደረጋችሁኝ!»

አባቷ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም።

እናቷ ቀስ ብላ ተናገረች። «አንድ ሌሊት ጨለማ ቤት ብቻሽን አስተኝቼሽ ሄጄ ነበር። የስምንት ወር ልጅ ነበርሽ። የማሽኑ ድምፅ ለቅሶሽን ዋጠው። ስመጣ ድምፅሽ ተዘግቶ አፍሽ ብቻ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ልጄን ከዓይኔ አልለይም ብዬ ማልኩ።»

ልጅቷ አፈረች። ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም። ነገር ግን መጋረጃውን ከወለሉ አላነሳችም።

«ከእኔ ጋር ይተኛ» አለች። «ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ግን ብቻውን አይሆንም። ሲርበው ግድግዳውን እመታለሁ፣ መብራት ሳታበሪ መጥተሽ ታጠቢዋለሽ። ጠዋት ፀሐይ አሞቀውና ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ቀን ስትነግሪኝ መምህሯ ራሷ ገና እየተጠና ነው ብላለች አላልሽም? አየሽ፣ እነሱም አላወቁትም።»

«እነሱ እስኪያውቁ እሱ ያድጋል፣ አባ።»

አባቷ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ፈተናሽ አንድ ወር ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ሳምንት። ከዚያ በኋላ ይኼን ወሬ አልሰማም።»

አለቃ ግን በስምምነቱ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሌሊት ቀትር ነው ብሎ ደመደመ፤ ሳቀ፣ አወራ፣ የእህቱን ፀጉር በእፍኙ ጨብጦ ነጨ። በሁለተኛው ተቆጣ። በሦስተኛው እሷም አብራው አለቀሰች። ግድግዳውን በጫማዋ ስትመታ እናቷ ክንዷ ላይ ሊጥ እንደተጣበቀ ትመጣለች፤ አጥብታው ስትጨርስ ወዲያው አትሄድም። ሲነጋ ልጅቷ አለቃን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ከዚያ ደብተሯን አንጠልጥላ ትሮጣለች።

ረቡዕ ዕለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተኛች። ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ የጉጉት ድምፅ እያሰማ ሙድ ያዘባት።

«አቦ፣ ነገ ትራስሽን ይዘሽ ነይ!»

ዞር አለች። «እኔ ልጅ ስይዝ አድሬ ነው። አንተ ሌሊቱን ምን ሠርተህ ነው የሒሳብ ፈተና ላይ ሁለት ያገኘኸው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ በዚህኛው ሳቅ እሷም ነበረችበት። ዓይኗ ሥር የጠቆረውን ግን ሳቅ አይሸፍነውም። መምህሯ በዕረፍት ሰዓት አስቀረቻት።

«ለወንድምሽ የተቆረቆርሽውን ያህል ለራስሽስ ማን ይቆርቆርልሽ? ያንቺም አንጎል ገና ተሠርቶ አላለቀም እኮ። እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ሥራ ላይ ነው።»

ልጅቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ይዛው የዞረችው ጥያቄ አፈትልኮ ወጣ። «እኔም ሕፃን ሆኜ እንደሱ ነበርኩ። አንጎሌ ተበላሽቷል ማለት ነው?»

«ተበላሽቷል ሊልሽ የሚችል ሰው የለም። አንዲት ሕፃን የተኛችበትን ሰዓት ብቻ አይቶ፣ ስታድግ እንዲህ ወይም እንዲያ ትሆናለች ማለት አይቻልም። ያን ሁሉ ቢጫና ሰማያዊ ተከታትሎ የመዘገበ ጭንቅላት ግን ሥራውን ያውቃል። የሚፈልገው እንቅልፍ ነው።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። ከትምህርት በኋላ እስከ ቤቷ ድረስ ስታስብ ሄደች።

አርብ ማታ አለቃ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝቶ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ አልነቃም። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያለቅስ። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ገና ሽርጧን ሳትፈታ መጣች።

«ሌሊት ሁለቴ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ዝም ብሏል። ዝምታው ሊገድለኝ ነበር።» የአለቃን እግር ይዛ ቆየች። «ይሁን። ሌሊት ይተኛ ልጄ።»

«በቃ፣ ሞግዚት አገኘን!» አለ አባቷ ጫማውን እያወለቀ ወደ አልጋው ሲያመራ።

ልጅቷ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ሞግዚት አይደለሁም፣ አባ። እህቱ ነኝ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ቁጭ ብላችሁ ነው የምትጠብቁት፤ ያን ጊዜ አንዳችሁ እሱ ጋ ትሆናላችሁ። እናንተ ክፍል ይተኛል፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ የሚያስገባው በር ገርበብ ብሎ፣ ሲያለቅስ እንድትሰሙት። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ግድግዳ አልመታም። ሌሊት ልተኛ ነው።»

«ጠዋትስ?»

«በትምህርት ቀን እኔ። ቅዳሜና እሁድ አንተ።»

«እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት ቆሜ...»

«አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ፀሐይ አሙቀው፣ ከዚያ ትተኛለህ።» ሕፃኑን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ እጇን አጣምራ ቆመች፤ መልሳ አልተቀበለችውም።

አባቷ እናቷን አየ። እናቷ ሽርጧን ፈትታ ማጠፍ ያዘች።

ልጅቷ ክፍሏ ገብታ ጋደም አለች። አባቷ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚያስረዳ፣ «ይኼ ፀሐይ ነው። ያቺ ደግሞ ድመት ናት» ሲል ሰማችው። አለቃ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷ ቀና ብላ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች።

«እሺ፣ እሺ፣ አለቃዬ፣ እኔም እኮ አልለመድኩትም» እያለ አባቷ ሲንጎራደድ ተሰማት። ለቅሶው አልቆመም። እሷ ትንሽ አዳመጠች፣ እግሯን መልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባችና ወደ ግድግዳው ዞረች።