የሸረፈዲን ቀኝ እጅ

መዲና የባሏን አስከሬን ተረከቢ ስትባል እምቢ አለች።

«ሲጋራ ሲያጨስ ተቃጥሎ ሞተ እያላችሁ አልወስደውም» አለች፣ ክሊኒኩ በር ላይ እንደቆመች። «ወላሂ ንቅንቅ አልልም። ፖሊስ ጥሩልኝ።»

ኢንስፔክተር ይታይሽ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወዳለው የደሴ የካንሰር ክሊኒክ የመጣችው በዚህ ጥሪ ነው። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት።

ሟቹ ሸረፈዲን የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሸማኔ ነበር። የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት ከተነገረው ብዙም አልቆየም። ለቀዶ ሕክምና በዋዜማው ተኝቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት ኦክስጅን ተደርጎለት ሳለ ጠዋት አልጋው በእሳት ተያያዘ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱትና እሳቱን ያጠፉት የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ጸጋው ነበሩ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ አስከሬኑ ገና ካልተነሳበት አልጋ አጠገብ ቆመው። «ኦክስጅን እየሳበ ሲጋራ ለኮሰ። ላይተሩ ይኸው፣ ፓኮውም ይኸው። እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ካንሰር የያዘውን ሰው ሲጋራ ተው ማለት ትርፉ ድካም ነው። የሲስተር የምስራች ሲጋራ የማስተው ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል።»

ይታይሽ ወደ አልጋው ቀረበች። የሲጋራው ፓኮ የተቀመጠው ከጠቆረው ብርድ ልብስ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ አየችው፤ የሸፈነው ስስ ላስቲክ እንኳ አልተሸበሸበም። ላይተሩ ከትራሱ በስተቀኝ ወድቋል። የሟቹ ግራ እጅ ለግሉኮስ መርፌው ተብሎ ከጠፍጣፋ እንጨት ጋር በፋሻ ታስሯል። ቀኙ ብርድ ልብሱ ስር ነበር። ገልጣ አየችውና መልሳ ሸፈነችው።

የክፍሉ የጀርባ በር ወደ ጠባብ በረንዳ ያወጣል። በረንዳው ሌላ መግቢያ የለውም። ጥግ ላይ ባለው የአበባ ጣሳ ውስጥ የሲጋራ ቁራጮች አገኘች፤ አንዳንዶቹን ዝናብ አበስብሷቸዋል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ነርሷን የምስራችን ነው።

«ያንቺ ሥራ ምንድን ነው?»

«በፊት አጫሽ ሲመጣ ‹ይተዉ› ብለን እንሸኝ ነበር። ያስታወሰ ሐኪም ይናገራል፣ ያላስታወሰ ያልፈዋል። አሁን ግን በሽታው የተነገረው ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ ይገባል። ያጨስ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቤተሰቡን አነጋግራለሁ፣ ቤቱ ድረስ እደውላለሁ። የተወ ሰው ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ ሕክምናውም ይሠራለታል።»

«ሸረፈዲንስ?»

«አንዴ ተሸንፎ አጭሶ ነበር። ራሱ ደውሎ ነገረኝ። እንደገና ጀመርን። ትናንት ማታ የሲጋራ ጭስን በሚለየው የትንፋሽ መለኪያ ሲነፋ ንጹሕ ነበር። ግራ እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቀኙን ይዤ አብሽር ብዬው ነው የወጣሁት።»

የሟቹ ወንድም እንድሪስ ግን ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።

«አንተ ታጨሳለህ» አለችው ይታይሽ።

«አጨሳለሁ።»

«ለወንድምህ ሰጥተኸዋል?»

«እሱ ከተወ ወዲህ አጠገቡ አጭሼ አላውቅም። ጠዋት ሾርባ ላመጣለት ሰኞ ገበያ ሰፈር ወርጄ ነበር። ስመለስ ጭሱን አየሁ።» ዓይኑን ጠረገ። «ቢወስድስ፣ በየትኛው እጁ ይለኩሰዋል?»

ይታይሽ መዲናን፣ እንድሪስን፣ የምስራችንና ዶክተሩን ወደ ሕመምተኞች መጠበቂያ አዳራሽ ጠራቻቸው። መዲና ልትቀመጥ አልፈለገችም።

«ፓኮው የተቀመጠው ከእሳቱ በኋላ ነው» አለች ይታይሽ። «ከስሩ ያለው ብርድ ልብስ ተቃጥሎ እሱን የሸፈነው ላስቲክ ሊተርፍ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ሟቹን አጫሽ ሊያስመስል ፈልጓል። ያ ሰው ላይተሩን በስተቀኝ ጣለው፤ ግራው እንደታሰረ አይቷላ። መዲና፣ የባልሽ ቀኝ እጅ ምን ሆኖ ነው?»

«ማሽን አውራ ጣቱንና ሁለቱን ጣቶቹን ወስዶበታል። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።»

«ላይተር በአውራ ጣት ነው የሚለኮሰው። ይህን ሚስቱ ታውቃለች፣ ወንድሙ ያውቃል፣ እጁን የያዘችው ነርስም ታውቃለች። ላይተሩን እዚያ የጣለው ይህን የማያውቅ ሰው ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ይህን ሰው ጨብጠውት ያውቃሉ?»

ዶክተር ጸጋው እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«በረንዳው ላይ ያሉት ቁራጮች ቆይተው ዝናብ ያበሰበሳቸው ናቸው፤ ሸረፈዲን ደግሞ የተኛው ትናንት ነው። እዚያ ሁልጊዜ የሚያጨስ የክሊኒኩ ሰው አለ። መውጫውም መግቢያውም በሟቹ ክፍል ብቻ ነው። እርስዎ እሳቱ ጋ ቀድመው የደረሱት ከቢሮ ሮጠው አይደለም፤ እዚያው ነበሩ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሲያስል ሰማሁት» አሉ በመጨረሻ። «ገባሁ። የኦክስጅኑ ጭምብል ተንሸራቶ ነበር፣ ላስተካክልለት ጎንበስ አልኩ። ሲጋራው እጄ ላይ እንዳለ ረሳሁት። አጥፍቼ ስጨርስ… አልቆለት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ማን አጨሰ ቢባል ሰው ሁሉ እሱ ነው እንደሚል አውቅ ነበር።» ወደ የምስራች ዞሩ። «ለመተው ብዙ ሞክሬያለሁ፣ ሲስተር። ላንቺ ልነግርሽ አፈርኩ።»

«ቢነግሩኝ ኖሮ እረዳዎት ነበር» አለች የምስራች። «ሥራው ግን አይዘጋም፣ ዶክተር። ማንም ቢያዘኝ አልዘጋውም። በሽታው አሁን የተነገራቸው፣ ከገራዶ የመጡ አባት ውጭ እየጠበቁኝ ነው።»

መዲና ወደ ዶክተሩ ቀረበች።

«ባሌ ከሞት ጋር እየታገለ ሲጋራውን ተወ» አለች። «እርስዎ ጤነኛው አቃተዎት። ስላቃተዎት አልፈርድብዎትም። የእርስዎን ኃጢአት ለእሱ ማልበስዎን ግን ይቅር አልልም።»

ይታይሽ ዶክተሩን ይዛ ወጣች። የምስራች ፊቷን ታጥባ የገራዶውን ሽማግሌ ወደ ክፍሏ አስገባቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሸረፈዲን ኮምቦልቻ ተቀበረ። ሲጋራ ሲያጨስ ሞተ የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ሰዉ ይንሾካሾካል። ሶላቱ ሲያበቃ መዲና ተናገር ያለችውን እንድሪስ ቆሞ ተናገረ፤ ከፋብሪካው የመጡት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፦

«ወንድሜ ሲጋራ ትቶ ነው የሞተው። ሌላ የሚል ሰው ካለ እዚሁ ፊቴ ይበል።»