የአደባባዩ ኒም

«አጤ ዮሐንስ ፈረሳቸውን ያሰሩት እዚህ ግንድ ላይ ነው!»

ማስተዋል ይህን ስትል፣ ከጎንደር ለጉብኝት የመጡት ሃያ ተማሪዎች ስልካቸውን ወደ ኒሙ ዛፍ ቀሰሩ። ትምህርት ቤቷ አስጎብኚ አድርጎ የመረጣት እሷን ነው፤ አንደበቷ ማር ነዋ! የፈረሱን ወሬ ግን ጠዋት ሹክ ያላት የክፍል ጓደኛዋ አንዱአምላክ ነበር። «ባዶ ዛፍ ማን ያያል? ለንጉሡ ስጪው፣ ይደምቃል» ብሏት። መተማ ዮሐንስ ላይ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ድንጋይም ሆነ ጉድጓድ ለንጉሡ ይሰጣል።

የዚህ ዛፍ ባለቤት ግን ይታወቃሉ። ጥላው ሥር ሻይና ከርከዴ የሚሸጡት እማማ ሐሚዳ ናቸው። የበኩር ልጃቸውን የወለዱ ዓመት ተክለው፣ ብርጭቆ ያለቀለቁበትን ውኃ እያጠጡ እንዳሳደጉት ማስተዋል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አሁንም ሰምተው ቀና አሉ። እጣቢውን እንደ ወትሯቸው ሥሩ ላይ ደፉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማስተዋል አፈረች። ቢሆንም እግሯም አፏም አልቆመም። እንግዶቿን በሰሊጥ መጋዘኖቹ በኩል አሳለፈቻቸው፤ የጉምሩክ ፍተሻ የሚጠብቁትን ከባድ መኪኖች እያለፉ እስከ ድልድዩ ሄዱ። ማዶ ገላባትን ስታሳያቸው አንዱ፣ «ሱዳን ይቺው ናት እንዴ? ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል!» ብሎ አሳቃቸው።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ እስከዳር የምትባል ልጅ፣ ደብተሯን ይዛ ወደ ማስተዋል ተጠጋች። «የፈረሱን ታሪክ ለመጽሔታችን ጽፌዋለሁ። ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው?»

አብሯቸው ሲዞር የነበረው አንዱአምላክ ማስተዋልን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «መቶ ሠላሳ ምናምን በያት» አላት በሹክሹክታ። «ነገ ጎንደር ናቸው፤ ማን ያጣራል?»

«እማማ ሐሚዳስ?»

«ፋራ አትሁኚ! መዋሸትሽን ካመንሽ ሁለተኛ አስጎብኚ የሚያደርግሽ የለም።»

እውነቱን ነው። እሷ ደግሞ ይህን ሥራ ወዳዋለች። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእሷ ግን ከአደባባዩ እስከ ድልድዩ እየከበዳት ነበር የመጣው።

እንግዶቹን ወደ ጎንደር የሚመልሰው አውቶቡስ ድልድዩ አጠገብ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ማስተዋል ጀርባዋን ሰጠችው።

«አንድ የቀረን ቦታ አለ፤ ተከተሉኝ» አለች። በዚያ ሁሉ ሐሩር ወደ አደባባዩ መለሰቻቸው።

ኒሙ ሥር ላቧን ጠረገች። «ቅድም የነገርኳችሁ ውሸት ነው። እዚህ ምንም ፈረስ አልታሰረም። ዛፉን የተከሉት እኒህ እናት ናቸው።» አንዳንዶቹ ሳቁ፤ መምህራቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። አንዱአምላክ ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር።

«ወላሂ፣ እኔማ ንጉሥ ከወሰዱት ለማን አቤት እላለሁ ብዬ ትቼው ነበር» አሉ እማማ ሐሚዳ እየሳቁ።

እስከዳር የጻፈችውን ሰርዛ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ ታዲያ ስንት ዓመቱ ነው?»

«የልጄ እኩያ ነው፤ አርባ አንድ። ያን ዓመት ምን ሆነ መሰለሽ...»

እሳቸው ማውራት ሲጀምሩ፣ ማስተዋል የእጣቢውን ጣሳ አነሳችና ሥሩ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።