መገንጠያው ላይ የቀረ ጠብታ

አስር ሞተሮች ደረሱ። አስራ አንደኛው አልደረሰም።

ምሳው የተሰናዳው ሐይቁ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። አሮጌዎቹ ሞተር ሳይክሎች ግቢው ውስጥ ተደርድረው ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ እያንዳንዳቸው ሥር ካርቶን ተነጥፏል። ምግቡን የነካ የለም። ሁሉም በሩን ያያል።

የቀረው ጋሼ ቶርኖ ነው። በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የክለቡ ጭራ። ጭራ የሚሉት ከሁሉ ኋላ እየነዳ ማንም መንገድ ላይ እንዳይቀር የሚጠብቀውን ሰው ነው። ዛሬ የቀረው ራሱ ጠባቂው ሆነ።

ሴት ልጁ የፖሊስ መርማሪ ናት። ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ጠዋት መርፌውን ተወግቷል፣ ሰባት ሰዓት ላይ መብላት ነበረበት። ስልኩ አይነሳም።

"መጨረሻ ያየው ማነው?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አለ ከአባላቱ አንዱ፣ ፋርማሲስቱ።

ክለቡ "ጋሼ ጉሎ" ይለዋል። እንደ ድሮ የሞተር እሽቅድድም ተወዳዳሪዎች ሞተሩን በጉሎ ዘይት የሚያስኬድ እሱ ብቻ ነው። ከኋላው መንዳት ሆድ ያስቀምጣል እያሉ ይቀልዱበታል።

"የት አዩት?"

"መገንጠያው ላይ። ጠቋሚው እኔ ነበርኩ።"

ጠቋሚ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የአባቷ ሞተር ላይ ተቀምጣ ያደገች ናት። መንገዱን የሚያውቀው መሪው ብቻ ነው። መገንጠያ ሲደርሱ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ይወርዳል፣ ሞተሩን በሚኬድበት መንገድ አፍ ላይ ያቆማል፣ በእጁ ያሳያል። ጭራው እስኪያልፍ ንቅንቅ የለም።

"ወደ ቀኝ ታጠፈ። በዓይኔ ነው ያየሁት። የእኔ ሞተር አልነሳ ብሎኝ ትንሽ ቆየሁና ተከተልኩት። ስደርስ የለም።"

"እስኪያልፍ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም?"

"አንዲት እርምጃ!"

ለዚህ ነበር ሰው ሁሉ ከመገንጠያው በስተቀኝ እስከ ሐይቁ ያለውን ገደል ሲያስስ ቆይቶ የተመለሰው። አንድ ጎማ እንኳ አላገኙም።

ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ማማት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ጠዋት ከሊቀመንበሩ ጋር ተጣልተው ነበር። ጩኸታቸው ሰፈር ይሰማ ነበር።"

የክለቡ ሊቀመንበር ልብስ ሰፊ ነው፣ ሰውነቱ ግዙፍ። የዛሬው መሪም እሱ ነበር። ስትጠራው ላብ አጥምቆት መጣ።

"ምን አጣላችሁ?"

"አትንዳ አልኩታ! ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። 'ዛሬማ ካልሄድኩ መቼም አልሄድ' ብሎ ጮኸብኝ።"

"ለምን ዛሬ?"

"እኔ ምን አውቄ! እሷን ጠይቂያት።"

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተው የክለቡ አባል መምህር ነበር፤ ይህች ሚስቱ ናት።

"ጋሼ ቶርኖ ነው የጠራኝ" አለች። "'እሁድ ምሳ ላይ እንዳትቀሪ፣ ስለ ባልሽ ንብረት የሚነግርሽ ሰው አለ' አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።"

ፋርማሲስቱ ጎንበስ ብሎ ሞተሩ ሥር ያለውን ካርቶን ያስተካክል ነበር። ካርቶኑ ግን አልተጣመመም።

መርማሪዋ ፋርማሲስቱንና ሊቀመንበሩን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ወደ መገንጠያው በረረች።

"የቆሙበትን ያሳዩኝ።"

ፋርማሲስቱ በስተቀኝ ያለውን መንገድ አሳያት። ለአፍታ የቆመ ሞተር የሚጥለው ያህል፣ አምስት ስድስት ጠብታ ብቻ ወርዶበታል። ተሻግራ በስተግራ ሄደች። ግራው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ወደነበረ ካባ የሚወስድ ኮረኮንች ነው። አፉ ላይ፣ አፈሩ መሃል፣ የሰሃን ያህል ዘይት ተኝቷል። ጣቷን ነክራ አሸተተች።

"ይሄ የጉሎ ዘይት ነው።"

"የሌላ ቀን ይሆናላ" አለ ፋርማሲስቱ። ዓይኑ ተንከራተተ።

"ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው" አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ። "ይሄ ከዝናቡ በኋላ የፈሰሰ ነው።" ከዚያ ክው ብሎ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረ። "ስምንቱን ወደ ቀኝ አሳልፈህ፣ ሞተርህን ወዲህ አሻገርከው? በዚህ መንገድ ያለው ድልድይ እኮ አምና ፈርሷል!"

መርማሪዋ ፋርማሲስቱን በካቴና ከመኪናው መቀመጫ ጋር አሰረችው። ነዳች። በግራው ኮረኮንች፣ ወደ ድልድዩ።

ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ መንገዱን የሚዘጉት ሁለት በርሜሎች ቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባለው አገኘቻቸው። ከኩርባው በኋላ ድልድዩ የለም።

"አባዬ!"

ከታች ድምፅ መጣ። ደካማ፣ የተጎተተ።

እግሩ ሞተሩ ሥር ነበር። ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፣ ቃላቱ ይንሸራተቱበታል። ሊቀመንበሩ ድንጋዩን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደና ከኪሱ ከረሜላ አወጣ። ጠዋት ለእሱ ብሎ የገዛው ነው፤ ጠቡ አስረስቶት ሳይሰጠው ቀርቷል። ምላሱ ሥር አደረጉለት፣ ሞተሩን አነሱለት። በስልክ አምቡላንስ ጠራችና፣ መገንጠያው ላይ እንዲጠብቀው ሊቀመንበሩን ላከችው።

"ምን ሆነህ ነው አባዬ?"

"እጁን ዘረጋ፣ ታጠፍኩ" አላት። "ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

ቀሪውን ፋርማሲስቱ ራሱ ተናገረ። መምህሩ ሲሞት ሞተሩ ተፈታትቶ ሳጥን ውስጥ ነበር። ፋርማሲስቱ ከመምህሩ ሚስት ጓሮ ሰርቆ ወሰደው፣ ገጣጠመው፣ ከውጭ አስመጣሁት አለ። ሐሙስ ዕለት ጋሼ ቶርኖ ሊያግዘው ሲከፍተው፣ ለመምህሩ በገዛ እጁ የቀረጸውን የነሐስ ብሎን አገኘ። "እሁድ ሁሉም ባሉበት ለእሷ ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ" አለው።

"እንዲሞት አልፈለግኩም" አለ ፋርማሲስቱ እያለቀሰ። "ምሳው እንዲያልፈው ብዬ ነው።"

"በርሜሎቹን ማን አነሳቸው ታዲያ?"



እሷንና አባቷን የጫነው አምቡላንስ ተመልሶ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሊቀመንበሩ ሞተሩን አስመጥቶ በሚኬድበት መንገድ አፍ ላይ አቁሟል። ከፊቱ ተገትሮ፣ ያን ወፍራም ክንዱን ዘርግቶ ያሳያል።

አባቷ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና በመስኮቱ አየ። ሠላሳ ዓመት ጭራ ሆኖ ሲነዳ ጠቋሚ ወዴት እንደሚያሳይ ጠይቆ አያውቅም።

"ወዴት ነው የሚያሳየው?"

"ወደ ሆስፒታሉ ነው አባዬ።"

እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዛት።

"እርግጠኛ ነሽ?"