በመስተዋቱ ሥር የቀረው ጥላ

ኢማድ ሃሩን በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ ፊቱን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ዓይኖቹ ተከድነው ተገኘ። ከጆሮው ጀርባ ያለውን ስብራት ላላየ የተኛ ይመስል ነበር። ወደ ምሥራቅ የሚያየው መስኮት ተዘግቷል። በጨለማው ጥግ እህቱ ባሲማ ተኮራምታ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጣለች።

«ይተነፍስ ነበር» አለች። «ሁሉን በላና ከመቁጠሪያው ሸሸ።»

ኢንስፔክተር የሻለም ወደ ጠረጴዛው ዞረች። መቁጠሪያ የለም። ያለው ሁለት ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መስተዋት ነው፤ በመካከላቸው የረጋ፣ የተጨማደደ ነገር ይዘዋል።

«ሰማሽ?» አለ ኸባብ ከደጃፉ። «የሚናገረው ጂኑ ነው።»

ኸባብ የሟቹ የአጎት ልጅ ነው፤ በመካነ ሰላም ዙሪያ በጂን አስለቃቂነት ይታወቃል። ባሲማ ከዓረብ አገር ተመልሳ እንቅልፍ ሲነሳት፣ እዚያ ሰው ቤት ምን እንዳደረጓት የጠየቀ አልነበረም። ጂን ማለት ከመጠየቅ ይቀላልና ለኸባብ ሰጧት። በእጆቿ ላይ ያለው ሰንበር የእሱ ሕክምና ነው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ። ከንጋት ጀምሮ በከላላ መውጫ በሽተኛ ሳክም ነበር። በቀትር ሶላት፣ ዙህር ላይ መጣሁ፤ እሷ እንዲሁ ተቀምጣለች። ምንም አልነካሁም፣ ወላሂ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ክፍል አልረገጥኩም።»

የሻለም አለቃዋ ዘንድ ደወለች። ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። «አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነው» አላት። «ለጂን የማባክነው ሰው የለኝም፤ ሽማግሌዎቹ ይጨርሱት።» ሽማግሌዎቹም ጨረሱት፤ ነገ ከዙህር በኋላ ባሲማ ለኸባብ ትሰጣለች፣ በሰንሰለት ይይዛታል። አንድ ሰው ሞቶ ሁለተኛው በሕይወቱ ሊቀበር ሲሰናዳ የተቃወመ አልነበረም።

ከቀብር መልስ የሟቹን አባት ሸህ ሃሩንን አገኘቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሸህ። ሬሳውን ወደ ቂብላ ያዞሩት እርስዎ ነዎት?»

«ስደርስ ዞሮ ነው ያገኘሁት። አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

«ከልጅዎ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ትናንት ማታ ይህን በመስተዋት መካከል ያለ ነገር በፋኖስ አሳየኝ፤ ልሙጥ ነበር። በጁምዓ ሰው ፊት አወጣዋለሁ፣ እህቴን ያድናታል አለኝ። መስጊድ የትርኢት ቦታ አይደለም አልኩት። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ሳይሰናበተኝ ወጣ።»

የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህሩ ደሳለውም ከሟቹ ጋር ተኳርፎ ነበር። ኢማድ ውጭ አገር ለዶክትሬት ከሚሠራበት ጄል፣ በመስተዋቱ መካከል ከተገኘው ዓይነት የረጋ ነገር፣ ሦስት ቁራጭ ይዞ መጥቷል።

«ለተማሪዎቼ አንዱን ስጠኝ ብለው ከለከለኝ፤ ተቆጣሁ፣ አልደብቅሽም። አንደኛው ተሰርቆበት ነበርና ሰው አያምንም።»

«ምን የሚሠራ ነገር ነው?»

«ውስጡ በዓይን የማይታዩ ሞተሮች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሞለኪውል ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራሉ። የታሰሩባቸውን ክሮች ይጠመዝዛሉ፤ ጄሉ ይኮማተራል።»

«ፋኖስስ?»

«አይበቃውም። ፀሐይም ብትሆን ሰዓታት ትፈልጋለች።»

«ሲጨልም ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

በማግስቱ ማለዳ ያልተነካውን ሦስተኛ ቁራጭ ለሦስት አስቆርጣ በመስተዋት መካከል አኖረች። ከሸህ ሃሩን፣ ከደሳለውና ከኸባብ መቁጠሪያ ተቀብላ በየመስተዋቱ ላይ አስቀመጠችና ግቢው ውስጥ ለፀሐይ ሰጠቻቸው። ኸባብ በአባቶች ፊት እምቢ ማለት አፍሮ እየሳቀ ሰጠ። «ፖሊስም ጂን ማስለቀቅ ጀመረች?»

ከዚያ ወደ ከላላ መውጫ ወርዳ የበሽተኛዋን እናት አነጋገረች።

«ኸባብ ትናንት መቼ መጣ?»

«ከንጋት ነው።»

«አይተውታል?»

«እሱ ከንጋት ነው በሉ ካለ ከንጋት ነው፣ ልጄ።» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ጂኑን አውጥቶ አሳየን። ትንሽ፣ ለስላሳ ነው። ፀሐይ ላይ ሲጨማደድ በዓይናችን አየነው።»

ከዙህር በኋላ ሽማግሌዎቹ በሸህ ሃሩን ግቢ ተቀመጡ። ሰንሰለቱ በኸባብ እግር ሥር ነው።

«መጀመሪያ ሬሳው» አለች የሻለም። «ተመትቶ የወደቀ ሰው ቂብላ ፈልጎ አይወድቅም። ያዞረው፣ ዓይኑን የከደነው ሰው አለ። ግን ሁሉም አልነካሁም አለ።»

«እሷ ናታ» አለ ኸባብ።

«ቆይ። ሬሳ ለማዞር ሁለት እጅ ያስፈልጋል። በእጁ መቁጠሪያ የያዘ ሰው የት ያኖረዋል?» ከኢማድ ክፍል ያመጣችውን መስተዋት አነሳች። ጄሉ ተኮማትሯል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥላ ያረፈበት ሳይኮማተር ቀርቶ የመቁጠሪያ ክብ ሠርቷል። «ባሲማ ከመቁጠሪያው ሸሸ ያለችው ይህን ነው። ከትናንት በስቲያ ማታ ልሙጥ ነበር፤ ሸህ አይተውታል። በዚያ መስኮት ፀሐይ የምትገባው ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ትናንት ጠዋት መስኮቱ ክፍት ነበር፤ መቁጠሪያውም ለሰዓታት እዚህ ላይ ነበር። ኋላ አንድ ሰው መቁጠሪያውን ወሰደ፣ መስኮቱን ዘጋ።»

መቁጠሪያዎቹን ከሦስቱ መስተዋቶች ላይ አነሳች። የደሳለው መስቀል አለው፤ የሸሁ ጫፉ ጨርቅ ነው። በሦስተኛው፣ በኸባብ መቁጠሪያ ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ክታብ ጥላ ቀርቷል። በኢማድ መስተዋት ላይም ያው ሦስት ማዕዘን ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ አልረገጥኩም ያልከው ክፍል ነው፣ ኸባብ። የተሰረቀውን ቁራጭ ጂን እያልክ ስታሳይ ኢማድ ደረሰብህ። በጁምዓ ሊያጋልጥህ ነበር።»

«ገፋሁት እንጂ...» አለ ኸባብ። «የመታው የአልጋው ብረት ነው። እንዲያ ጥዬው መሄድ አቃተኝ፤ ወደ ቂብላ አዞርኩት።»

የሻለም ወደ ባሲማ ዞረች። መስተዋቱን ያስቀደመችው ሆነ ብላ ነው፤ ልጅቱ ቀድማ ብትናገር ጂን ነው ይሏት ነበር።

«መቁጠሪያውን ማን አነሳው፣ እቴ?»

ባሲማ በጣቷ ኸባብን አሳየች። «ጠዋት ገባሁ፤ ኢማድ አልነቃ አለኝ። ኋላ እሱ መጥቶ አነሳው። ትናንት ማን ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ሸህ ሃሩን ሰንሰለቱን አንስተው ከግቢው ውጭ ወረወሩት። ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት ግን አልሆነላቸውም።

ባሲማ የወንድሟን መስተዋት ተቀብላ በጥቁሩ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«አይመለስም አይደል?» አለችው መምህሩን።

«አይመለስም።»

የእጇን ሰንበር በነጠላዋ ሸፈነችና መስተዋቱን ታቅፋ ወደ ጨለማው ክፍል ገባች። ጥቂት ቆይቶ መስኮቱ ከውስጥ ተከፈተ።