በእኩልነት ቀን የቀረቡት ስድስት ኩባያዎች

አፈ ጉባኤ ኤልሳዕ የሞቱት «ሁላችንም እኩል ነን» ከሚለው ጨርቅ ስር ነው። ሲወድቁ የጨርቁን ጫፍ ይዘው ስለወረዱ፣ ሬሳቸውን ከአገጭ እስከ ጉልበት የሸፈነውም ይኸው ጽሑፍ ሆነ።

ኢንስፔክተር ወይንሸት ከሶዶ ተጠርታ ስትመጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ከሻንቶ ወደዚህች ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ውጦ ለወላይታ አዲስ ዓመት ለጊፋታ ነው የመለሰው ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ሾፌሩ ግን እስከ ዛሬ ሲያስነጥሰው ጭቃ ይወጣዋል።

የምክር ቤቱ አዳራሽ በሰው ተከቧል። ድንጋይ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይንከባለላል። ጢሙ የሸበተው ኮንስታብል ማቲ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆሟል።

«ሸክላ ሠሪዋን እስከ አስር ሰዓት ካልሰጠናቸው የሸክላ ሠሪዎቹን መንደር እናቃጥላለን ብለዋል» አላት። «አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነኝ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ዛሬ የእኩልነት ቀን ነበር። ቦሼ ከሸክላ ሠሪዎች ወገን የመጀመሪያዋ የምክር ቤት አባል ሆና ማለች። ከዚያ ስድስቱ አባላት እሷ በሠራቻቸው ስድስት ኩባያዎች እሷ ያፈላችውን ሃይታ ቱኬ አብረው ጠጡ። ሕዝቡ በመስኮት እያየ አጨበጨበ። አፈ ጉባኤው ብቻ ወደቁ፤ የነቀዝ መድኃኒት ነው ይባላል።»

ሃይታ ቱኬ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር የሚፈላበት መጠጥ ነው፤ የዚያ ቀኑን አንድ ጉንጭ የቀመሰ አህያ እስከ ቦምቤ ሳይቆም ሮጧል ይላሉ። እንዲህ ያለ መጠጥ የሌላውን ነገር ሽታ ይሸፍናል። በዚያ አገር ሰዉ ድስቱንም ጋኑንም ከሸክላ ሠሪ ይገዛል፤ ቤቱ ወስዶ አጥኖ ነው የሚጠቀምበት። ከሸክላ ሠሪ እጅ ተቀብሎ እዚያው መጠጣት ግን ለአብዛኛው ሽማግሌ ከሞት የሚስተካከል ነገር ነው። ለዚህ ነበር ጭብጨባው።

ቦሼ ጥግ ላይ እጇን በላም ገመድ ታስራ ተቀምጣለች።

«ገመዱን ፍታላቸው» አለች ወይንሸት። «እትዬ ቦሼ፣ የነቀዝ መድኃኒት ቤትዎ አለ?»

«ነቀዝ የሚበላው እህል ያለው ሰው ነው መድኃኒት የሚገዛው» አለች ቦሼ። ከዚያ የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። «ልጄ ህብረት እቤት ናት። ወባ ይዟታል፤ መነሳት አትችልም። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ በሩን ከውጭ ነው የዘጋሁት። እኔን ስጧቸው። ቤቱን ብቻ እንዳይነኩት።»

ወይንሸት እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ወደ ምክትል አፈ ጉባኤው ሻንቆ ሄደች።

«ይጠየቃል እንዴ ይሄ?» አለ ሻንቆ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። «የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ከአንድ እንስራ ለሁሉም። እንስራው ደህና ነው ማለት ነው። መርዙ ኩባያው ላይ ነው። ኤልሳዕ ሲወድቅ ኩባያውን አንስቼ አሸተትኩት፤ የነቀዝ መድኃኒት አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ቀብታዋለች፤ ሸክላው ውስጥ ሰርጓል።»

«ሸክላው ነው የሸተተዎት?»

«ሸክላው! በዚህ አፍንጫዬ።»

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ደግፌ ፋይል ታቅፏል። «በሪፖርቱ መሠረት ሁሉም አባል በሸክላ ሠሪዋ ኩባያ ጠጥቷል። አካታችነት መቶ ከመቶ።»

«ሪፖርቱን ተወውና ያየኸውን ንገረኝ።»

«ሪፖርቱን... ትናንት ነው የጻፍኩት።»

የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ ሶልያና ምንም አላየሁም አለች። የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ከቦርሳው ጥግ አረንጓዴ ጠብታ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። የአገር ሽማግሌው ሶርሳ ደግሞ ምላሳቸውን አውጥተው በመስኮቱ መስታወት ያዩታል።

«ልጄ፣ ሐኪም ይዘሻል?»

«ያምዎታል አባባ?»

«እስካሁን ደህና ነኝ። ግን እኔ ጠጥቻለሁ እኮ!»

«ሁሉም ጠጥቷል አይደል?»

ሶርሳ ምላሳቸውን መለሱና ወለሉን አዩ።

ወይንሸት ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አዘነበለች። አፈር የመሰለ ቀይ፣ ገና ከእሳት የወጡ። ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክራ በአንዱ ላይ ጠብ አደረገችበት፤ ሸክላው ጠብታውን ወዲያው መጠጠው፣ ቦታውም ጠቆረ። የቀሩትንም ደግማ አየቻቸው። ከውጭ አንድ ሰው «አስር ሊሞላ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ሁላችሁም ወደ ጠረጴዛው ኑ» አለች። «እትዬ ቦሼ፣ እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ።»

ተሰበሰቡ።

«አዲስ ሸክላ የነካውን ሁሉ ይጠጣል። የእትዬ ቦሼ ኩባያ ውስጡ ጠቁሯል። የአባባ ሶርሳም ጠቁሯል። የቀሩት አራቱ ግን እንደ ደረቅ ጡብ ናቸው፤ የሟቹም ጭምር። ሕዝብ እያየ ጠጥታችሁ፣ ኩባያው እንዴት ሳይርስ ቀረ?»

ሶልያና ቦርሳዋን ይበልጥ አጥብቃ ታቀፈችው።

«ሸክላው ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ። አባባ ሶርሳ፣ ጠጥቻለሁ ብለው የፈሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ስስ የፕላስቲክ ኩባያ አወጡ። ደረቅ ነው። «ሸክላው ውስጥ ሰክተህ ጠጣ ተብዬ ነበር። አፋችን እንዳይነካው። እኔ... ረሳሁት! ትዝ ያለኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው!»

ሶልያና ቦርሳዋን ከፈተች። እርጥብ ፕላስቲክ። ደግፌ ከፋይሉ ውስጥ የተጨፈለቀ አወጣ። ቦሼ ከአንዱ ፕላስቲክ ወደ ሌላው አየች። ከዚያ ከደረቁት ኩባያዎች አንዱን አንስታ ውስጡን ተመለከተች።

«እንግዲህ መርዙ ሸክላው ላይ ሊሆን አይችልም» አለች ወይንሸት። «መጠጡ ሸክላውን አልነካውም። የሟቹ ፕላስቲክ ውስጥ ነው ቀድሞ የተነሰነሰው። እትዬ ቦሼ ፕላስቲክ መኖሩንም አያውቁም። ይህን ሦስታችሁም ታውቁ ነበር! አንድ ቃል ብትናገሩ ይፈቱ ነበር።»

«እንዴት ብለን?» አለች ሶልያና እያለቀሰች። «አልጠጣንም ብለን? በዛሬ ቀን?»

«ፕላስቲኩን ማን ሰጣችሁ?»

«ሻንቆ» አሉ ሶርሳ። «ለያንዳንዳችን በእጁ።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ ሻንቆ። «መስጠት መግደል ነው?»

«ደረቅ ሸክላ ሽታ የለውም፤ እርስዎ ግን መድኃኒቱን አሽትተዋል። ያሸተቱት ፕላስቲኩን ነው፤ ከሬሳው ፊት ሲያነሱት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ አዳራሽ የወጣ የለም። ማቲ፣ ኮቱን።»

ማቲ ከሻንቆ ኮት የውስጥ ኪስ ሁለት ፕላስቲክ አወጣ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክቷል። የውስጠኛውን አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ወይንሸት ከሟቹ እጅ ስር የተጨማደደ ወረቀት አነሳች። «አፈ ጉባኤው ዛሬ ከመጠጡ በኋላ ሊፈርሙት የነበረ ነው። የሸክላ አፈር የሚወጣበት ቦታ ለሸክላ ሠሪዎቹ እንዲሰጥ። አሁን ቦታው ላይ የማን ባሕር ዛፍ ነው ያለው?»

«የኔ ነው» አለ ሻንቆ። «አያቴ የረገጠው መሬት ነው! ኤልሳዕ በኩባያዋ መጠጣት እየተጸየፈ መሬቴን ሊሰጣት! እኔ ቢያንስ አልዋሸሁም።»

«አሁን ውጡና ለሕዝቡ ንገሩ» አለች ወይንሸት ወደ ሦስቱ ዞራ።

ደግፌ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። «ምን እንላለን? በኩባያዋ አልጠጣንም? ምክር ቤቱ...»

በዚያች ቅጽበት ከመንደሩ በኩል ጢስ ተነሳ። ሰዓቱ ገና አስር አልሞላም። ቦሼ ጮኻ በመስኮቱ ዘለለች።

በሩን የከፈቱት ሶርሳ ናቸው። ደረጃው ላይ ወጥተው ጥርስ በሌለው አፋቸው በወላይትኛ ጮኹ፦ «እኔ ጠጥቻለሁ! በኩባያዋ ጠጥቻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ! የገደለው ሻንቆ ነው! እነዚህ አልጠጡም፤ እኔ ጠጥቻለሁ! እሳቱን አጥፉ!»

ድንጋዩ ቆመ። ከዚያ ሰዉ ወደ ጢሱ ሮጠ፤ ሊያጠፋ ይሁን ሊያይ፣ ያኔ አልተለየም።

ቦሼ ስትመለስ ህብረትን በጀርባዋ አዝላለች። ጎረቤት በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ ነው ያወጣት። ሁለቱም አመድ ለብሰዋል። ቤቱ የለም፤ ለማድረቅ የደረደረችው ሸክላም በእግር ተደቁሷል። ሻንቆ በካቴና ታስሮ ሲያልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ደረቆቹን ኩባያዎች በነጠላዋ መሰብሰብ ጀመረች።

«የሟቹ ማስረጃ ነው» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ።

«እሱ ይቅር። ሦስቱን ልውሰድ።»

«እትዬ ቦሼ፣ ዛሬ ይረፉ። ምን ያደርጉልዎታል?»

ቦሼ አንዱን በጣቷ መታ አደረገችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«አልተጠጣባቸውም እኮ» አለች። «አዲስ ናቸው። ለቅዳሜ ገበያ ይሆኑኛል።»